ለጃዝ ቀረጻ መለያ ቁጥርና የመብት መረጃ አሞላል

በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ለብዙ አዲስ ጆሮ አድርሷል። ፊልም ሠሪ አንድን የተቀረጸ ሙዚቃ ሲፈልግ ፈቃድ የሚጠይቀው ሁለት ጊዜ ነው፦ ለዜማውም፣ ለቀረጻውም። ባለመብቶቹ ካልታወቁ ሌላ ሙዚቃ ይመርጣል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ሳትበተኑ በአንድ ወረቀት ላይ የዜማውን ርእስ፣ የተቀረጸበትን ቀንና ቦታ፣ ማን ምን እንደተጫወተ፣ ደራሲውን፣ አቀናባሪውን፣ የቀረጻውን ወጪ የሸፈነውንና የእያንዳንዱን ድርሻ በመቶኛ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙ። ጃዝ ላይ ጠብ የሚነሳው በሶሎ ነው። ሳክስፎኒስቱ በቅጽበት የፈጠረው ሶሎ የተጫዋችነት መብት ያስገኝለታል፤ የዜማ ድርሻም ይኑረው ብላችሁ ከተስማማችሁ ግን በግልጽ ይጻፍ። የሕዝብ ዜማ ከሆነ «ዜማ፦ የሕዝብ» ብላችሁ ስማችሁን በአቀናባሪነት ብቻ አስፍሩ። የሕዝብን ዜማ በግል ስም ማስመዝገብ ነውር ነው።

ቀጥሎ ለቀረጻው አይኤስአርሲ የተባለውን መለያ አውጡ። አሥራ ሁለት ፊደልና አሃዝ አለው፦ አምስቱ የመዝጋቢው መለያ፣ ሁለቱ ዓመት፣ አምስቱ ተራ ቁጥር። ዓመቱ ቁጥሩ የተሰጠበት እንጂ ሙዚቃው የተቀረጸበት አይደለም፤ የ1960ዎቹ ቀረጻም ዘንድሮ ቢመዘገብ የዘንድሮን ይይዛል። አንዱን ዜማ ሁለት ጊዜ ተጫውታችሁ ሁለቱንም የምታወጡ ከሆነ ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል፤ ለሬዲዮ ያሳጠራችሁትም የራሱን ይወስዳል። አከፋፋይ ስትቀይሩ ግን የድሮውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ ከተሰጠው የተደማጭነት ቆጠራውና ክፍያው ለሁለት ሊከፈል ይችላል።

ዜማው የራሱ መለያ አለው፤ አይኤስደብልዩሲ ይባላል። እሱን የሚያስገኘው የደራሲያን የጋራ አስተዳደር ማኅበር ዘንድ መመዝገብ ነው። አሥር ባንድ አንድን ዜማ ቢቀርጽ አይኤስአርሲው አሥር፣ አይኤስደብልዩሲው አንድ ነው። አልበሙ ደግሞ ባርኮድ ይዞ ይወጣል።

ስም ላይ በጣም ተጠንቀቁ። የውጭ ቅጾች የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ነው። በላቲን ፊደል አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ በሁሉም ቦታ እሱን ብቻ ተጠቀሙ። የአጃቢዎችንም ስም አትዝለሉ፦ በአሜሪካ ሳውንድኤክስቼንጅ የተባለው ድርጅት ከዲጂታል ሬዲዮ ከሚሰበስበው ክፍያ 50 በመቶው ለቀረጻው ባለመብት፣ 45 በመቶው ለዋናው ተጫዋች፣ 5 በመቶው ለአጃቢዎች ነው።

በሽፋኑ ላይ በክብ ውስጥ ያለችውን «ፒ»፣ መጀመሪያ የታተመበትን ዓመትና የቀረጻውን ባለቤት ጻፉ። በክብ ውስጥ ያለችው «ሲ» ለሽፋኑ ሥዕልና ጽሑፍ ናት። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996 የድምፅ ቀረጻ አዘጋጅ መብት ለ50 ዓመት ይጠበቃል።

ተቀርጾ ያልተለቀቀ ሥራ በእጃችሁ ካለ ተጫዋቾቹ በስልክ በሚገኙበት በዚህ ጊዜ ወረቀቱን አስፈርሙ፤ ለእያንዳንዳቸውም ኮፒ ስጡ።