የኤልያስ መንገድና የገዳሪፍ መንገድ

የጥናቱ ክፍል፦ 1ኛ ነገሥት 19፥1-18

ለብቻ ሆኖ ረጅም መንገድ በእግር መሄድ የተጨነቀ ልብን ያሳርፋል ሲባል እንሰማለን። እውነት ነውን? ከደጋው ወደ ገዳሪፍ የሚወርደውን መንገድ የምናውቅ ሁሉ ይህን ነገር አስተውለን ልንመረምረው ይገባናል።

ይህ መንገድ ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋና በመተማ አልፎ ወደ ገላባት ይሻገራል፤ ከዚያም ሰፊውን የማሽላና የሰሊጥ ሜዳ አቋርጦ ገዳሪፍ ይደርሳል። ብዙ ወጣቶች ለአረምና ለአጨዳ ወርደውበታል። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤል በሌሊት በእግር እየተጓዙ ወደ ሱዳን ተሻግረው በኡም ራኩባ መጠለያ ተቀመጡ፤ በመንገድና በመጠለያ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በሐምዳይት በኩል ተሻገሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎች በዚያው በኡም ራኩባ ተጠለሉ። በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ሸሽተው በገላባት ወደ መተማ የገቡ ነበሩ።

እንግዲህ መንገድ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። በፍርሃት የተሄደ መንገድ ነፍስን ያቈስላልና። ከዚያ ጕዞ የተረፈ ሰው ሌሊት ቢባንን፥ ብቻውን መሆንን ቢፈራ፥ እምነት ጐደለው አንበል።

ኤልያስም ሸሽቶ ነበር። ብላቴናውን በቤርሳቤህ ትቶ የአንድ ቀን መንገድ በምድረ በዳ ሄደ፤ ከክትክታ ዛፍ በታችም ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር ምን አደረገለት? አልገሠጸውም፤ ተነሥተህ ሂድ ብሎም አላቻኰለው። አስቀድሞ እንቅልፍ ሰጠው፤ ቀጥሎም እንጎቻና ውኃ። ሁለት ጊዜ ተኛ፥ ሁለት ጊዜ በላ። አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የሄደው ከዚህ በኋላ ነው። በኮሬብም ነፋሱ፥ የምድር መናወጡና እሳቱ ካለፉ በኋላ ጸጥ ያለውን ድምፅ ሰማ። በመጨረሻም ጌታ በዋሻው አላስቀረውም፤ ኤልሳዕን ረዳት አድርጎ ሰጠው፥ ታማኞች የሆኑ 7,000 ሰዎች እንዳሉም ነገረው።

የመጀመሪያው መንገድ ሽሽት ነበረ፤ ሁለተኛው ግን ዕረፍትና እንጀራ የቀደሙት፥ ወደ ሰዎች በመመለስም የተፈጸመ ነው። ለብቻ የመሄድ ጥቅም የሚገኘው በዚህ በሁለተኛው ነው።

የዛሬ ሊቃውንትም ነገሩን መርምረዋል። በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) በአሜሪካ አገር የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንዳንዶችን ሣርና ዛፍ ባለበት ስፍራ፥ ሌሎችን መኪና በሚበዛበት ጎዳና ዳር ለ90 ደቂቃ አስኬዱ። ዛፍ ባለበት የሄዱት በራሳቸው ላይ ክፉ ክፉውን ማብሰልሰላቸው ቀነሰ፤ በጎዳናው የሄዱት ግን እንደዚያ አልሆነላቸውም። በእግር መሄድ እንቅልፍን እንደሚያቀና፥ የኀዘንንም ጭነት እንደሚያቀል ሐኪሞች ይመሰክራሉ። ጌታችንም ማልዶ ወደ ምድረ በዳ ይወጣና ይጸልይ ነበር፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ወደ ሕዝቡ ይመለስ ነበር።

ስለዚህ በየማኅበራችን እነዚህን ሦስት ነገሮች እናድርግ።

አንደኛ፥ ልባችን ሲከብድ ጥዋት በምናውቀውና ሰላም በሆነ መንገድ ዝም ብለን እንሂድ፤ ወዴት እንደምንሄድና መቼ እንደምንመለስ ግን ለቤተ ሰብ እንንገር።

ሁለተኛ፥ ከስደት የተመለሰውን ሰው ብቻህን ሂድ አንበለው። አስቀድመን እናብላው፥ እናሳርፈው፤ ከዚያም ከጎኑ እንሂድ። ወደ ኤማሁስ በሚሄዱት ሁለት ሐዘንተኞች አጠገብ ጌታ የሄደው እንዲሁ ነው፤ አስቀድሞም ጠይቆ ሰማቸው።

ሦስተኛ፥ እንደ ኤልያስ ሞትን የሚመኝ ሰው ቢኖር ብቻውን አንተወው። እየጸለይንለት ሳንዘገይ ወደ ሐኪም እንውሰደው። እንጎቻውን የላከ አምላክ ሐኪሙንም ሰጥቶናልና።

ለውይይት፦ በማኅበራችን ውስጥ ከክትክታው ዛፍ በታች የተቀመጠ ማን ነው? እንጀራና ውኃ ይዞለት የሚሄድስ ማን ነው?

ሰላሙን የሚሰጥ ጌታ የደከሙትን ሁሉ ያሳርፍ፤ እኛንም የመንገድ ባልንጀሮች ያድርገን። አሜን።