የምንጠጣው ውኃ ከየት ይቀዳል? ስለ ቈጠራ ጥቅም

በአንድ ከተማ የተቅማጥ በሽታ ተነሥቶ ማዘጋጃ ቤቱ ያለው ገንዘብ ለአንድ የውኃ መሥመር ብቻ የሚበቃ ቢሆን፥ የትኛው ሠፈር ይቅደም? ብዙ ጊዜ የሚቀድመው አብዝቶ የጮኸው ሠፈር ነው። ይህን ጥያቄ በቍጥር መመለስ እንደሚቻል የሚያስረዳ አንድ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

በ1854 ዓ.ም. (በአውሮጳውያን አቈጣጠር) በለንደን ከተማ ኮሌራ ገብቶ ነበር። በዚያ ዘመን ከነበሩት ሐኪሞች አብዛኞቹ በሽታውን የሚያመጣው ከክርፋት የሚነሣ የተበላሸ አየር ነው ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ግን ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ወደ መጠጥ ውኃ ገብቶ ይተላለፋል ብሎ ያምን ነበር። ስለ እርሱ ሲወራ ዘወትር የሚነገረው በብሮድ መንገድ የነበረው የውኃ ፓምፕ እጀታ መነቀሉ ነው። ነገር ግን እጀታው ሲነቀል በሽታው አስቀድሞ መቀነስ ጀምሮ እንደ ነበር ስኖው ራሱ ጽፏል፤ ለትምህርታችን የሚበልጠው ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ ያደረገው ቈጠራ ነው።

በዚያ ወገን ሁለት ኩባንያዎች በአንድ መንገድ ላይ ቧንቧቸውን ዘርግተው ጎን ለጎን ላሉ ቤቶች ውኃ ይሸጡ ነበር። የላምቤዝ ኩባንያ በ1852 መቅጃውን ከከተማው እድፍ በላይ ወዳለው የወንዙ ክፍል አዛውሯል። ሳውዝዋርክና ቮክስሆል የተባለው ግን የከተማው ፍሳሽ ከሚደርስበት ከባተርሲ ይቀዳ ነበር። በዚያው በ1852 የወጣው ሕግ ከቴዲንግተን በታች ለቤት የሚሆን ውኃ መቅዳትን ቢከለክልም እስከ 1855 ጊዜ ሰጥቶ ነበርና፥ በዚያ መካከል በሽታው ደረሰ። የሀብታሙም የድኻውም ቤት ተደባልቆ ስለ ነበር፥ የሚተነፍሱት አየር አንድ ነው፤ ውኃው ግን ሁለት ነው።

ስኖው ሰው ወደ ሞተባቸው ቤቶች እየሄደ የማን ውኃ እንደሚጠጡ ጠየቀ። ብዙዎቹ ተከራዮች ሒሳቡን የሚከፍለው ባለቤቱ ስለ ሆነ የኩባንያውን ስም አያውቁም ነበር። ስለዚህ ከየቤቱ ውኃ በጠርሙስ እየወሰደ የጨውነቱን መጠን መረመረ፤ ከባተርሲ የመጣው ከሌላው 40 እጥፍ ያህል ጨው ነበረበትና በዚህ ለያቸው።

በወረርሽኙ የመጀመሪያ 7 ሳምንታት ከባተርሲ በሚቀዳው ኩባንያ 40,046 ቤቶች ውስጥ 1,263 ሰዎች ሞቱ፤ በላምቤዝ 26,107 ቤቶች ውስጥ 98 ሞቱ። ይኸውም ከ10,000 ቤት በአንደኛው 315፥ በሁለተኛው 37 ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፥ የቤቶቹን ቍጥር ልብ በል። እኔ ራሴ ከውጭ አገር ተምሬ እንደ ተመለስሁ ባቀረብሁት የመጀመሪያ ሪፖርት በሽተኞችን በየሠፈሩ ቈጥሬ ነዋሪዎቹን ሳልቈጥር ቀረሁ። ከዝርዝሩ ራስ ላይ የወጣውም ሰው የበዛበት ሠፈር ብቻ ነበር።

በትምህርት ቤት ምሳሌ እንየው። ከቦኖ ውኃ ከሚጠጡ 300 ልጆች 12ቱ፥ ከምንጭ ከሚጠጡ 60 ልጆች 6ቱ በተቅማጥ ታመሙ እንበል። በሽተኛ የበዛው ከቦኖው ወገን ነው፤ ነገር ግን በመቶ ሲሰላ የቦኖው 4፥ የምንጩ 10 ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው ምንጩ ነው።

ዊልያም ፋር የተባለው የለንደን የሞት መዝገብ ሊቅ ቀድሞ የአየሩን ሐሳብ ይደግፍ ነበር። በ1866 ኮሌራ በምሥራቅ ለንደን በተነሣ ጊዜ ግን የሟቾቹን መኖሪያ ከውኃ ኩባንያዎቹ ክልል ጋር አስተያይቶ የአንድ ኩባንያ ውኃ መሆኑን አገኘ፤ ኩባንያውም ካልተከደነ ኩሬ ውኃ ወደ ቧንቧው አስገብቶ ነበር። ባዛልጄት የተባለው መሐንዲስ ከ1859 ጀምሮ ያሠራው ታላቁ የፍሳሽ ቦይ በዚያ ወገን ገና አላለቀም ነበር።

መምህራን ይህን ሥራ በቀሪ ተማሪዎች መዝገብ ሊጀምሩት ይችላሉ። ከስሙ አጠገብ የታመመበት ቀንና ሕመሙ፥ ቀጥሎም የሚጠጣው ውኃ ይጻፍ፤ ያልታመሙትም ልጆች ውኃቸው ከየት እንደ ሆነ አብሮ ይመዝገብ። ልጁ ሲጠየቅ «ቤታችሁ ቧንቧ አለ?» አይባል፤ ቧንቧው ደርቆ ሊሆን ይችላልና። «ትናንት የጠጣኸው ከየት ተቀድቶ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ።