በሆድ ላይ ስለሚደርስ ምት

ከዛፍ የወደቀ፥ በቅሎ የረገጠችው ወይም በኳስ ጨዋታ የባልንጀራው ጉልበት ጎኑን ያገኘው ልጅ ተነሥቶ አቧራውን ሲያራግፍ ባየነው ጊዜ «ተርፏል» እንላለን። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ጓደኛዬን ውሃ አጠጥቼ «ተነሥ፥ ተጫወት» ብዬዋለሁ፤ ማታውኑ ለቀዶ ሕክምና ገባ። ድኖ ቢመለስም ነገሩ ስላልወጣልኝ ምክንያቱን መመርመር ጀመርሁ።

በምት ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ጣፊያና ጉበት ናቸው። ጣፊያ በግራ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር የሚገኝ፥ በጤናማ ሰው 150 ግራም ያህል የሚመዝን፥ ደም የሞላበት ለስላሳ አካል ነው። ወባ የደጋገመው ሰው ጣፊያው ስለሚያብጥ ከአጥንቱ መከታ ወጥቶ በቀላል ምት እንኳ ሊቀደድ ይችላል። ይህም በቆላ ላደጉ ጓደኞቻችን የዋዛ ነገር አይደለም።

ደሙ ወደ ውጭ አይፈስም፤ በሆድ ውስጥ ይጠራቀማል እንጂ። የወጣት ሰውነት ደም ሲጎድልበት የደም ሥሮቹን አጥብቦ፥ የልቡንም ምት አፍጥኖ የደሙን ግፊት ለጊዜው ስለሚጠብቅ፥ ተጎጂው እየተናገረና እየተራመደ ያታልለናል። ነገር ግን የእጁ ትርታ ይፈጥናል፤ ፊቱ ይገረጣል፤ ቀዝቃዛ ላብ ያልበዋል። አንዳንዱንም ያልተመታ የግራ ትከሻው ያመዋል። ይህ የሚሆነው የፈሰሰው ደም ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ስለሚነካ፥ የዚያ ጡንቻና የትከሻው ነርቮች ደግሞ መነሻቸው በአንገት አንድ ስፍራ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ሳነበው አላመንሁም ነበር።

እንዲህ ያለውን ሰው ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ሆዱን ማሳሸት ደሙን ያብሳል። አስተኝቶ፥ ብርድ ልብስ አልብሶ በቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ማደንዘዣ ቢሰጠው ሊያስመልሰውና ሊታነቅ ስለሚችል ምግብም ውሃም አይሰጠውም። ቢላዋ ተሰክቶበት ከሆነ አይነቀልም፤ አንጀቱ ቢወጣም በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል እንጂ ወደ ውስጥ አይመለስም።

ሐኪሙ አስቀድሞ አተነፋፈሱንና የደሙን ዝውውር ያያል፤ ቀጥሎም በአልትራሳውንድ ሆዱን ይመረምራል። ግፊቱ ወርዶ በሆዱ ደም ከታየ ቶሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ይገባል፤ ከረጋ ግን በሲቲ ስካን ታይቶ አልጋ ላይ እየተጠበቀ ሊድን ይችላል። ቀድሞ የተቀደደ ጣፊያ ሁሉ ተቆርጦ ይወጣ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ኪንግና ሹማከር የተባሉ ሐኪሞች ጣፊያቸው የወጣ ሕፃናት በብርቱ ተላላፊ በሽታ እንደተያዙ ካስታወቁ በኋላ ግን፥ በተቻለ መጠን ማዳን እየተለመደ ሄደ። የግድ የወጣለት ሰው ክትባት ይሰጠዋል። ጣፊያው የተረፈለትም ደሙ ከቀናት በኋላ እንደገና ሊፈስ ስለሚችል ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ ከኳስ ሜዳ ይርቃል።