ልባችን በቀን ስንት ሰዓት ያርፋል?

በዚህ ዕትም በሳይንስ አምዳችን ስለ ልብ ምት ጊዜ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ሰው ሲደነግጥ «ልቤ ድው አለ» ይላል። ግን ልብ ባንደነግጥም ድው ማለቱን አያቆምም። ታዲያ መቼ ነው የሚያርፈው? ሰውነት ሳይቀደድ፣ መርፌ ሳይወጋ ይህን ማወቅ ይቻላል ወይ? አዎ፣ ይቻላል። መልካም ንባብ!

1ኛ. በጣት መለካት

ይሄ ምንም ገንዘብ አይፈልግም። አምስት ደቂቃ ያህል ቁጭ ብላችሁ እረፉ። ከዚያ የሌባ ጣታችሁንና የመሀል ጣታችሁን በእጅ አንጓችሁ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አስቀምጡ። በአውራ ጣት አትለኩ፤ ምክንያቱም አውራ ጣት ራሱ ስለሚመታ ያሳስታል። በ15 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደመታ ቁጠሩና በ4 አባዙት። ጤነኛ ወጣት ወይም ትልቅ ሰው አርፎ ሲቀመጥ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ብዙ ልምምድ የሚሠሩ ሯጮች ግን ከ60 በታች ሊሆንላቸው ይችላል፤ ልባቸው በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚገፋ ነው።

2ኛ. በጆሮ መለካት

በ1816 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሬኔ ላኔክ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አንዲት ወጣት ሴት ታማ መጣች። ጆሮውን ደረቷ ላይ ማድረግ ነውር ስለመሰለው ወረቀት ጠቅልሎ በሱ አዳመጠ። ድምፁ ጭራሽ ጎልቶ ተሰማው! ዛሬ ሐኪሞች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ማዳመጫ የመጣው ከዚያ ነው።

በማዳመጫው ሁለት ድምፅ ይሰማል። የመጀመሪያው ልብ ደም ለመግፋት ሲጨመቅ ከላይኞቹና ከታችኞቹ ክፍሎች መካከል ያሉት ቫልቮች ሲዘጉ ነው። ሁለተኛው ደሙ ከወጣ በኋላ የመውጫዎቹ ቫልቮች ሲዘጉ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ድምፅ እስከ ሁለተኛው ያለው ጊዜ የሥራ ጊዜ ነው። ከሁለተኛው እስከ ቀጣዩ ምት ያለው ደግሞ የእረፍት ጊዜ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ልብ በደቂቃ 75 ጊዜ ቢመታ፣ አንዱ ምት 60 ሲካፈል ለ75 ማለትም 0.8 ሰከንድ ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ 0.3 ሰከንድ ያህል ሥራ፣ 0.5 ሰከንድ ያህል እረፍት ነው። በ24 ሰዓት 108,000 ምት ይሆናል። በ0.3 ስናባዛው 32,400 ሰከንድ፣ ማለትም 9 ሰዓት። ቀሪው 15 ሰዓት እረፍት ነው! አያችሁ፣ ልብ እረፍት የለውም ሲባል እውነት አይደለም። ትንሽ ትንሽ እያረፈ ነው የሚሠራው። የልብ ጡንቻ ራሱ ደም በደንብ የሚያገኘውም በዚህ በእረፍቱ ጊዜ ነው። ስንሮጥ በብዛት የሚያጥረውም የእረፍቱ ጊዜ ነው።

3ኛ. በኢሲጂ መለካት

ልብ ከመጨመቁ በፊት በውስጡ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ይህን በወረቀት ላይ አጥርቶ የሣለው ዊለም አይንትሆቨን የሚባል የኔዘርላንድስ ሳይንቲስት ነው፤ በ1924 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። በሱ ጊዜ የሚለካው ሰው ሁለት እጁንና አንድ እግሩን ጨው ያለው ውኃ ውስጥ ይነክር ነበር። አሁን የሚለጠፍ ነገር ብቻ ነው።

ትልቋ እህቴ ሥራ ልትቀጠር የጤና ምርመራ ስትሄድ ኢሲጂ ታዘዘላት። ማታውን እንቅልፍ አልወሰዳትም። «ኤሌክትሪክ ይለቁብኛል» ብላ ፈርታለች። ለካ ሌላም ነገር ነበራት፤ አንዳንዴ ልቧ ፈጠን፣ አንዳንዴ ቀስ እንደሚልባት ታውቃለች፣ ግን ሥራውን እንዳትከለከል ለማንም አልተናገረችም። እናቴ እያባበለች ወሰደቻት፤ እኔም ቦርሳ ያዥ ሆኜ ሄድኩ። ነርሷ «እኛ ምንም አንልክብሽም፤ ማሽኑ ካንቺ የሚመጣውን ነው የሚያዳምጠው» አለቻት። ያን ጊዜ እህቴ ደፍራ ነገረቻት። ወረቀቱ ወጣ፣ ሐኪሙም አየው። ወደ ውስጥ ስትተነፍስ ልቧ ፈጠን፣ ወደ ውጪ ስትተነፍስ ቀስ ይላል፤ ይህ በብዙ ጤነኛ ወጣቶች ላይ የሚታይ ነው አላት። እህቴ እዚያው ሳቀች። ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ ስንት ቀን በከንቱ ትጨነቅ ነበር!

ወረቀቱን እንዲህ ነው የሚያነቡት። ብዙ ጊዜ ማሽኑ በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር ወረቀት ይገፋል። ስለዚህ አንዱ ትንሽ ካሬ 0.04 ሰከንድ፣ አንዱ ትልቅ ካሬ 0.2 ሰከንድ ነው። 300ን በሁለት ረጃጅም ሹል ጫፎች መካከል ባሉት ትልልቅ ካሬዎች ቁጥር ስናካፍል የልብ ምቱን በደቂቃ እናገኛለን። 4 ካሬ ከሆነ 75 ማለት ነው።

ማሳሰቢያ፦ ስትሮጡ ራሳችሁን የምትስቱ ከሆነ፣ ደረታችሁን ካመማችሁ ወይም ልባችሁ ያለ ምክንያት በጣም ከፈጠነ ለወላጅ ወይም ለመምህር ተናገሩ። ደህና መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው የመረመረ ሐኪም እንጂ ጓደኛችሁ አይደለም። ምርመራው ደግሞ እንዳያችሁት አያምም።

የዚህ ዕትም ጥያቄ፦ በሁለቱ ሹል ጫፎች መካከል 5 ትልልቅ ካሬዎች ቢኖሩ ልቡ በደቂቃ ስንት ጊዜ መታ? መልሱን ከነአሠራሩ ጽፋችሁ ስማችሁንና ክፍላችሁን አክላችሁ ሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ባለው ሳጥን ክተቱ።