ያረጀ ጠመንጃ፣ የዘገየ ጭነት

የዛሬዋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ቦንጋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ የሚሸጥባት ገበያ ነበረች። በዚያ ገበያ እንደ ልብ የማይገኘው ዕቃ ጠመንጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በካፋ ላይ ሲዘምቱ ሠራዊታቸው 20,000 ያህል ጠመንጃ እንደያዘ ይነገራል። የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ግን 300 ገደማ ብቻ ነበራቸው።

የሚገርመው ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ነጋዴ ሸዋ ላይ በጠመንጃ መክሰሩ ነው። ነጋዴው ግጥም ትቶ ወደ ንግድ የገባው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ነው። በ1885 ላባቱ ከተባለ ያገሩ ሰው ጋር ተሻርኮ 2,000 ያህል ጠመንጃ ለምኒልክ ሊሸጥ ተነሣ። ስሌቱ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር፤ አውሮፓ ውስጥ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጣው መሣሪያ ሸዋ ሲደርስ 40 ፍራንክ ይሸጣል።

መሣሪያው የረከሰው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባሩዱና እርሳሱ በአፈሙዙ ይገባል፣ በዘንግ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ካፕሱል ይደረግበታል። ተኳሹ ለእያንዳንዱ ጥይት ይህን ሁሉ መድገም አለበት። ሬሚንግተን ግን ከኋላው ተከፍቶ የተዘጋጀ ጥይት ስለሚጎርስ ተኝቶም ይተኮሳል። የምኒልክ ጦር ደግሞ ሬሚንግተንን ለምዶታል።

ጭነቱ ታጁራ ላይ ወደ አንድ ዓመት ቆመ። ግመል ታጣ፤ በ1886 የጦር መሣሪያ እገዳ መጣ፤ ላባቱም ታሞ ሞተ። (ለቆመ ጭነት ወጪው እንደማይቆም አስመጪ ሁሉ ያውቀዋል።) ራምቦ አንኮበር የደረሰው በየካቲት 1887 ሲሆን ምኒልክ ከአንድ ወር በፊት ሐረርን ይዘው ነበር። ገዢው አልቸኮለም፤ ዋጋው ወረደ፤ የላባቱ አበዳሪዎችም ከየአቅጣጫው መጡ። በመጨረሻ የተሰጠው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ሐረር ላይ ራስ መኮንን የሚከፍሉት የ9,000 ብር ማዘዣ ነበር። ከካፒታሌ 60 በመቶ ከሰርኩ ሲል ለቆንስሉ አመለከተ፤ ቁጥሩ ግን የከሳሪው የራሱ ነው።

ታዲያ ያ ጠመንጃ ወደ ቦንጋ ቢወርድስ? ከባሕር ወደ ካፋ የሚወስደው የንግድ መንገድ በሸዋና በጅማ ያልፋል፤ የጅማው አባ ጅፋር ደግሞ ለምኒልክ ይገብራሉ። በጦርና በጥልቅ ቦይ አገሩን የሚጠብቀው ካፋ ያረጀውንም ጠመንጃ ቢሆን በወደደው ነበር፤ ግን መንገዱ ላይ ተቀናቃኙ ተቀምጧል። ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ተዋግተው በመስከረም 1897 ተማረኩ።