እፍኝና ፍም

እንግዳ ሲበዛ ቡናውን እጥፍ አድርገን ምጣዱ ላይ እናፈሳለን፤ እንዳይዘገይብን ደግሞ ከሰሉን እንጨምራለን። ከዚያ ግማሹ ፍሬ ጠቁሮ ግማሹ ገና ዳማ ሆኖ ይወጣል። ተፈልቶ ሲቀመስም ያረረውና ያልበሰለው በአንድ ሲኒ ውስጥ ይገናኛሉ። ብዙ ሰው በቡናው ዘር ያሳብባል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት እፍኝ እንደተጨመረ ነው።

ጥሬ ቡና ደረቅ ቢመስልም ከክብደቱ ከ10 እስከ 12 በመቶው ውሃ ነው። 200 ግራም ቡና ከ20 ግራም በላይ ውሃ ይዟል ማለት ነው። ይህን ውሃ በእንፋሎት ለማስወጣት ብቻ የሚፈጀው ሙቀት፣ ሁለት ሲኒ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ስለዚህ ቡናው እንደፈሰሰ መጀመሪያ የሚሆነው የምጣዱ መቀዝቀዝ ነው። ወፍራም ብረት ምጣድ ሙቀት ስለሚቋጥር ይችለዋል፤ ስስ ቆርቆሮ ግን ወዲያው ይበርዳል፤ እሳት ሲጨመርበትም ወዲያው ይግላል። ፍሬው ከተደራረበ ደግሞ ታች ያለው ሲያር ላይ ያለው ገና በእንፋሎት ይታጠናል። በእኔ ግምት ልኩ ፍሬው የምጣዱን ወለል በአንድ ረድፍ፣ ቢበዛ በሁለት ረድፍ ሲሸፍን ነው።

የእሳቱ ነገር ከዚህ ይቀጥላል። መጀመሪያ ላይ ውሃውን የሚያስወጣ ጠንከር ያለ ሙቀት ያስፈልጋል። ፍሬው ቢጫ ሆኖ የሚቆላ ገብስ የመሰለ ሽታ ሲሰጥ ውሃው አብዛኛው ወጥቷል፤ ከዚህ በኋላ ቡናው ቶሎ ቶሎ ይግላል። ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ መንጣጣት ይጀምራል። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው፤ ፍሬው በዚህ ሰዓት ከውስጡ የራሱን ሙቀት ማውጣት ስለሚጀምር፣ እሳት መቀነስ ያለበት ከመንጣጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ከሰል ቁልፍ የለውም፤ ግን ፍሙን በተን ማድረግ፣ አመድ ማልበስ፣ ምጣዱንም ከፍ አድርጎ መያዝ ይቻላል። ብዛት ያለው ቡና የያዘውን ሙቀት ቶሎ ስለማይለቅ ከእሳት ከወረደ በኋላም መቆላቱን ይቀጥላል። ከሚፈለገው መልክ ትንሽ ቀድሞ አውርዶ ሰፌድ ላይ መበተንና ማራገብ ያስፈልጋል፤ ገለፈቱም በዚያው ይነሳል።

ከባዶ የወተት ጣሳ በብረት ዘንግ የሚሽከረከር መቁያ ለሚሠሩም ሕጉ ያው ነው። ጣሳው እስከ ሲሶው ድረስ ቢሞላ ፍሬው እንደልቡ ይገላበጣል። ከውስጥ ሁለት ሦስት ጠባብ የቆርቆሮ ክንፍ ካልተበየደለት ግን ቡናው ከታች ይንሸራተታል እንጂ አይገለበጥም።

በውጭ አገር አፓርታማ ከሰል ማንደድ ስለማይቻል በሞቃት አየር በሚሠራ የፈንዲሻ ማሽን የሚቆሉ አሉ። እዚያ ነገሩ ይገለበጣል። ቡናው ሲያንስ አየሩ በፍሬዎቹ መሃል ሾልኮ ያመልጣል፣ መቆላቱም ይዘገያል፤ በዛ ሲል ሙቀቱን ያፍነዋል፣ ቶሎም ይደርሳል። በጣም ከበዛ ግን አየሩ ሊያንቀሳቅሰው አይችልም፤ ከታች ያለው ያራል። ከ80 እስከ 100 ግራም ለአብዛኞቹ ይበቃል።

እንግዳ ሲበዛ እንግዲህ ሁለት ጊዜ መቁላት ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ ምጣዱ አስቀድሞ ግሏል፤ ያንኑ እሳት ይዞ ከተጀመረ ፍሬው ውስጡ ሳይደርስ ቆዳው ይጠቁራል። የመጀመሪያው ቡና ሰፌድ ላይ እስኪበርድ ምጣዱን ከፍሙ አንስቶ ማቆየት በቂ ነው።