«ክሎዝ» ማለት ምን ማለት ነው? የጥራት ደረጃ ቃላት ትምህርት



ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት አይሶ 9001 ስለሚባለው የጥራት ሥራ አመራር ደረጃ ነው። «ሰው ቤት ለምንሠራ ለእኛ ይሄ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ግን ኮንትራቷን ጨርሳ ሆቴል፣ ላውንድሪ ወይም የሆስፒታል ጽዳት ለመግባት የምታስብ እህት ከመሃላችን ስንት አለች! እዚያ ስትገባ ግድግዳው ላይ ይህ ቁጥር ተለጥፎ ታገኘዋለች። የኤጀንሲዎች ማስታወቂያ ላይም አይጠፋም።

እኔ በእረፍት ቀኔ ይህን ትምህርት ስከታተል ከሐሳቡ ይልቅ ያስቸገሩኝ ቃላቱ ናቸው። አንዱ «ክሎዝ» ይላል፣ ሌላው «ሴክሽን»፣ ሌላው ደግሞ «ኤለመንት»። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

1. ስሙና ቁጥሩ

አይሶ ጄኔቫ የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ሥራ የጀመረ ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ነው። አይሶ 9000 የቃላቱን ትርጉም ይዟል። ድርጅቶች ማሟላት ያለባቸው ግዴታ ያለው ግን 9001 ላይ ነው። ከሁለት ነጥብ በኋላ የሚጻፈው ቁጥር የታተመበት ዓመት ነው። መጀመሪያ የወጣው በ1987 ሲሆን በ1994፣ በ2000፣ በ2008 እና በ2015 ተሻሽሏል። ስለዚህ ሰው የአንቀጽ ቁጥር ሲጠራላችሁ «የስንት ዓመቱ?» በሉ። የሠራተኛ ብቃት ጉዳይ በ2008ቱ 6.2.2 ነበር፤ በ2015ቱ 7.2 ሆኗል።

2. የክፍሎቹ ስም

ክሎዝ፦ አንቀጽ ማለት ነው፤ ኮንትራታችን ላይ እንዳለው አንቀጽ። የ2015ቱ እትም 10 አንቀጾች አሉት። ከ1 እስከ 3 ያሉት መግቢያ ናቸው፤ የሚመለከተውን ወሰን፣ አብሮ የሚነበበውን ሰነድና የቃላት ትርጉምን ይናገራሉ። ግዴታው የሚጀምረው ከ4 ነው፦ 4 የድርጅቱ ሁኔታ፣ 5 አመራር፣ 6 ዕቅድ፣ 7 ድጋፍ፣ 8 የሥራ ክንውን፣ 9 የአፈጻጸም ግምገማ፣ 10 መሻሻል።

ሰብክሎዝ፦ ንዑስ አንቀጽ። ቁጥሩ ውስጥ ነጥብ ካያችሁ እሱ ነው፤ 7.2 ወይም 7.5.3 እንደሚባለው።

ሴክሽን፦ ብዙ ሰው ክሎዝ ለማለት ይጠቀምበታል። ደረጃው ራሱ የሚጠቀመው ግን ክሎዝ በሚለው ነው። ፈተና ላይ ክሎዝ ብላችሁ ጻፉ።

ኤለመንት፦ የድሮ ሰዎች ቃል ነው። በ1994ቱ እትም በ4ኛው አንቀጽ ሥር ከ4.1 እስከ 4.20 ድረስ 20 ነጥቦች ነበሩ፤ «ሃያዎቹ ኤለመንቶች» ይባሉ ነበር። ከ2000 በኋላ ያ አቀማመጥ ቀርቷል።

ኖት እና አኔክስ፦ ኖት ማስታወሻ ነው፤ ግዴታውን ያብራራል እንጂ አዲስ ግዴታ አይጨምርም። አኔክስ መጨረሻ ላይ የሚመጣ አባሪ ነው። የ2015ቱ ሁለት አባሪዎችም ለማስረዳት ብቻ የገቡ ናቸው።

3. አራቱ ትንንሽ ቃላት

«ሻል» ካለ ግዴታ ነው፣ ማድረግ አለበት። «ሹድ» ካለ ምክር ነው፣ ቢያደርግ ይመረጣል። «ሜይ» ካለ ተፈቅዷል። «ካን» ካለ ይቻላል፣ ሊሆን ይችላል። ተቆጣጣሪ መጥቶ ጥፋት የሚመዘግበው «ሻል» የተባለው ሳይፈጸም ሲቀር ነው።

4. ለእኛ የሚጠቅመው 7.2

ይህ ንዑስ አንቀጽ አራት ነገር ያዛል። ድርጅቱ ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቃት ይወስናል፤ ሠራተኛው በትምህርት፣ በሥልጠና ወይም በልምድ ብቁ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ጉድለት ካለ ያሠለጥናል ወይም ሌላ መፍትሔ ይፈልጋል፣ ውጤቱንም ያያል፤ ማስረጃውንም ያስቀምጣል።

ልብ በሉ፣ «ወይም በልምድ» ይላል። ሕፃን ያሳደግሽበት፣ አረጋዊ ያስታመምሽበት፣ ለሃያ ሰው ያበሰልሽበት ዓመት ልምድ ነው። ይህ ማለት ድርጅቱ አንቺን የግድ ይቀጥራል ማለት አይደለም። ግን ማስረጃ መያዝ ግዴታው ስለሆነ ወረቀት ይጠይቅሻል። ስለዚህ ከአሠሪሽ ጋር በሰላም ስትለያዪ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠይቂ፤ የሠራሽው ሥራና የጀመርሽበትና የጨረስሽበት ቀን ይጻፍበት። አገር ቤት ከገባሽ በኋላ ደውሎ ማስጻፍ ከባድ ነው።

5. ወረቀቱ የማይናገረው

«አይሶ 9001 አለን» የሚል ኤጀንሲ ስታዩ ሦስት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ አይሶ ራሱ ለማንም የምስክር ወረቀት አይሰጥም፤ የሚሰጡት ሌሎች መርማሪ ድርጅቶች ናቸው። ስለዚህ የሰጪውን ስም፣ የሚያበቃበትን ቀንና የትኛውን ሥራ እንደሚሸፍን አንብቡ። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ስለ አሠራር ሥርዓት ነው፤ ደመወዝሽ በጊዜው እንደሚከፈል ወይም ፓስፖርትሽ እንደማይያዝ ዋስትና አይሆንም። ያንን ኮንትራትሽ ላይ ፈልጊ። ሦስተኛ፣ በ9001 የሚመሰከርለት ድርጅት ነው እንጂ ሰው አይደለም። ኮርስ ተምረሽ የምታገኚው ወረቀት መማርሽን ብቻ ይመሰክራል፤ «አንቺን በአይሶ 9001 እናስመሰክርሻለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ካለ ቦርሳሽን ዝጊ።

መልመጃ

ሀ. «8.2.1» ክሎዝ ነው ሰብክሎዝ?
ለ. ኖት ያልተፈጸመለት ድርጅት በዚያ ብቻ ጥፋተኛ ይባላል?
ሐ. «ሹድ» ግዴታ ነው?

መልስ፦ ሀ. ሰብክሎዝ፤ ለ. አይባልም፤ ሐ. አይደለም፣ ምክር ነው።

ያልገባችሁ ካለ በእረፍት ቀን ስንገናኝ ጠይቁኝ። ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ መውጣት ለማትችል እህት አቀብሉ። ሰላም ቆዩኝ!